የመሣሪያ መግለጫ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? (ከቡና ሚዛን ቤት የመጣ ጥያቄ)

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

በጅማ ዙሪያ ቡና ለሚሰበስብ አንድ ማኅበር አነስተኛ ኤጀንት፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የቋንቋ ሞዴል የሚሠራ፣ መልእክት አንብቦ ሥራ የሚፈጽም ፕሮግራም፣ ሠርቻለሁ። ሰብሳቢዎቹ ከየመንደሩ በቴሌግራም በአማርኛ ይጽፉለታል፤ እርሱ ሚዛን ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ የአርሶ አደሩን ሒሳብ ያሳያል። በእጁ ያሉት መሣሪያዎች፣ ማለትም ጠርቶ ሥራ የሚያሠራቸው የኮድ ክፍሎች፣ 11 ናቸው። ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ሞዴሉ ኮዱን አያይም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ ጥቂት መስመር መግለጫና የሚሞሉትን ቦታዎች ዝርዝር ብቻ ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ባደረገው፣ ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ኤምሲፒ በሚባል ደንብም ሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት አሠራሮች ይኸው ነው። ስለዚህ የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚያነሣ የሚወስነው በዚያች አጭር ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንድ ሰብሳቢ «የአቶ ዓለሙ ሚዛን 26 ሳይሆን 62 ነው» ብሎ ጻፈ። ኤጀንቱ «ሚዛን አርም» የሚለውን መሣሪያ መጥራት ሲገባው «ሚዛን መዝግብ»ን ጠራ። አርሶ አደሩ በአንድ ጠዋት 88 ኪሎ እሸት ቡና ያስረከበ ሆኖ ተጻፈ። በሌላ ቀን ደግሞ «2 ፈረሱላ ጀንፈል» (ጀንፈል ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው) የተባለው 2 ኪሎ ሆኖ ገባ። ገንዘብ የሚከፈለው በዚህ መዝገብ ነው እንግዲህ።

መግለጫዎቹን አንድ በአንድ ለሌላ ሞዴል ሰጥቼ ከ5 ነጥብ እንዲሰጣቸው አደረግሁ። ዓላማው ግልጽ ነው ወይ? መቼ እንደሚጠራ ይናገራል ወይ? የሚሞሉት ቦታዎች ተብራርተዋል ወይ? ገደቡ ተነግሯል ወይ? መጀመሪያ 2 እና 3 አገኙ። እያስተካከልሁ፣ እያስረዘምሁ ሁሉም 4 እና 5 ደረሱ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ኤጀንቱ ያንኑ ስህተት ከበፊቱ አብዝቶ ይሠራ ጀመር። ታዲያ ያ ነጥብ የለካው ምኑን ነው?

(የመሣሪያዎቹ ስም ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው፤ ሞዴሉን ከኮዴ ጋር የማገናኝበት መስመር (ኤፒአይ) ሌላ ፊደል አይቀበልም። እዚህ የምጽፈው ተርጉሜ ነው።)

አጋሮ መንገድ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡31

አንባቢው ሞዴል፣ አራሚው ሞዴል፣ ወዳቂው አቶ ዓለሙ። የ88 ኪሎውን ትርፍ ክፍያ ግን አልመለሰም አይደል?

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡40

መለሰ። እርሱ ራሱ ነው መጥቶ የነገረን።

ከኪቶ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡55

ወንድሜ፣ የሁለቱን መሣሪያዎች መግለጫ ብታስቀምጥልን ይሻላል። የመጀመሪያውንም፣ 5 ያገኘውንም።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4፡20

የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሚዛን መዝግብ፦ «የቡና ክብደት በመዝገብ ያስገባል።»
ሚዛን አርም፦ «በመዝገብ ያለ የቡና ክብደት ያሻሽላል።»

5 ያገኘው «ሚዛን መዝግብ» ደግሞ ይህ ነው፦ «አርሶ አደሩ ያስረከበውን የቡና ክብደት በማዕከላዊ መዝገብ ያስገባል። የተሳሳተ ክብደት እንዳይገባ ጥንቃቄ በማድረግ ትክክለኛውን ክብደት ለማስመዝገብ ይጠቅማል። የአርሶ አደሩን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ይቀበላል።»

ከኪቶ | ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊቱን አሰብሁበት።

እናቴ በርበሬና ሚጥሚጣ የምታስቀምጥባቸው ሁለት ብልቃጦች አሏት። በሁለቱም ላይ «ቀይ፣ የሚያቃጥል ቅመም» ብለህ ብትለጥፍባቸው አልዋሸህም። ወጡን የሚሠራው ለቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው ከሆነ ግን ያን ቀን ምሳ አይበላም። «ያስገባል» እና «ያሻሽላል» የሚሉት መግለጫዎችህም እንዲሁ ናቸው። ለየብቻ ሲነበቡ ነቀፋ አይገኝባቸውም። ነጥብ ሰጪውም አንድ በአንድ ስለቀረቡለት ለየብቻ ነው ያያቸው። ኤጀንቱ ግን 11ዱን በአንድ ጊዜ ፊቱ ተደርድረው ነው የሚያያቸው፤ ሥራው መምረጥ ነው።

ያስረዘምኸው ደግሞ ነገሩን አባብሶታል ብዬ እጠረጥራለሁ። «የተሳሳተ» እና «ትክክለኛውን» የሚሉት ቃላት መዝጋቢው ውስጥ ገብተዋል፤ አራሚው ውስጥ ግን የሉም። ሰብሳቢው «ተሳስቼ ነው፣ ትክክለኛው 62 ነው» ብሎ ሲጽፍ ሞዴሉ ወደየትኛው ያዘንብላል? ግምት ነው፤ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጥተህ ሞክረውና ንገረን።

የምትሞክረው ደግሞ እንዲህ ነው። ሰብሳቢዎቹ በእርግጥ የጻፏቸውን መልእክቶች ሰብስብ፤ ከነስህተታቸው፣ ከነአጻጻፋቸው። በእያንዳንዱ ፊት የትኛው መሣሪያ መጠራት እንደነበረበትና ቦታዎቹ በምን መሞላት እንደነበረባቸው በእጅህ ጻፍ። ምንም መሣሪያ ሊጠራባቸው የማይገባ መልእክቶችንም ጨምር፤ «የደረሰኝ ወረቀት አልቆብናል» ለሚለው ኤጀንቱ ደረሰኝ ፍለጋ ከሄደ ያም ስህተት ነው። አንዱን መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረህ አትመን፤ ያው ጥያቄ ዛሬ በትክክል ተመልሶ ነገ ሊሳት ስለሚችል ደጋግመው። ከመልእክቶቹ ግማሹን ቆልፍባቸው፤ መግለጫውን ስታስተካክል እንዳታያቸው። አለበለዚያ መግለጫህ ለእነዚያ ጥያቄዎች ብቻ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ውጤቱን ስትጽፍ ትክክለኛውን መሣሪያ መምረጡንና ቦታዎቹን በትክክል መሙላቱን ለየብቻ ቁጠር። የአቶ ዓለሙ ጉዳይ የምርጫ ስህተት ነው፤ የፈረሱላው ግን የአሞላል። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

አዌቱ ዳር | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 6፡40

እኔ ከእናንተ ወዲያ ያለሁ የዳታቤዝ ሰው ነኝ፤ ስለ ኤጀንት ብዙም አላውቅም። ግን የምታወሩት መግለጫ ስለማሳመር ሆኖ አገኘሁት። ወጣቱ፣ «መጠን» የሚል ባዶ ቦታ ትተህ «በኪሎ ነው» ብሎ ይረዳልኛል ብለህ ከጠበቅህ ጥፋቱ የመግለጫው አይደለም። መለኪያውን የራሱ ቦታ ስጠው። ከ«ኪሎ» እና ከ«ፈረሱላ» ሌላ ምንም እንዳይቀበል፣ ሳይሞላም እንዳያልፍ አድርግ። ማባዛቱን ለኮዱ ተውለት፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ኮምፒውተር አይረሳም። አራሚው ያለ ደረሰኝ ቁጥር እንዳይሠራ፣ መዝጋቢው ደግሞ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለተኛ ሚዛን ሲመጣለት «ይህ ተጨማሪ ነው ወይስ እርማት?» ብሎ እንዲጠይቅ አድርግ። የኮድ ቁስል በመግለጫ ፋሻ አይሸፈንም።

ከኪቶ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡05

ጋሼ፣ ስለ ፈረሱላው አልከራከርዎትም፤ በኮድ የሚዘጋ ቀዳዳ በኮድ ይዘጋ። ግን ጮኾ የማይነግርዎት ስህተት አለ። ኅዳር 3 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ነው። ሞዴሉ ሰብሳቢው እንደጻፈው «03/03/2018» ብሎ ቢሞላው ኮዱ ማርች 3 ቀን 2018 አድርጎ ያነበዋል። በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ቀን ስለሆነ ማንም አይጮኽም፤ ቡናው ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ይተኛል። ቡና የሚለቀመው በጳጉሜን ቢሆን ኖሮ ፈረንጆቹ 13ኛ ወር ስለሌላቸው ስህተቱ በመጀመሪያው ቀን በተያዘ ነበር።

ስለዚህ የቦታው ስም ራሱ «ቀን» ብቻ ሳይሆን «ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር» መባል አለበት፤ ምሳሌም ከጎኑ ይቀመጥ። ይህ የመግለጫ ሥራ ነው።

አዌቱ ዳር | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡30

ከዘንድሮ መኸር በፊት ያለን ቀን አልቀበልም የሚል አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል። ግን ስትመልሰው ምክንያቱን በማይናገር ቁጥር፣ «ስህተት 400» ብለህ፣ አትመልሰው። «የሰጠኸው ቀን ከዘንድሮ መኸር በፊት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን/ወር/ዓመት አድርገህ ላክ» በለው። የእናንተ ሞዴል የሚያነበው መግለጫውን ብቻ ከሆነ ይህንንስ አያነብም?

ከኪቶ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡41

ያነባል። የስህተት መልእክትን ከመግለጫው ጋር አብሬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እቆጥረዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1፡30

በሁለት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ያችን «የተሳሳተ ክብደት እንዳይገባ» የምትል ዓረፍተ ነገር አወጣኋት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ወደ መዝጋቢው በስህተት ይሄዱ ከነበሩት እርማቶች አብዛኞቹ ወደ አራሚው ተመለሱ። ነጥብ ሰጪው ሞዴል ግን ዓረፍተ ነገሯ ስትወጣ ነጥቡን ከ5 ወደ 4 ዝቅ አደረገው!

ቀጥሎ በኮምፒውተር ያልሆነ ሙከራ አደረግሁ። 11ዱን መግለጫዎች በወረቀት አትሜ፣ ስማቸውን ቆርጬ አውጥቼ፣ ሚዛን ቤት ወሰድኋቸው። ሚዛኑን የሚጽፉት እትዬ (እዚህም ገብተው ያነባሉ፣ ሰላም እላለሁ) በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቶቹን በጆንያ ላይ ደረደሯቸው። እኔ የሰብሳቢዎቹን መልእክት አነባለሁ፤ እርሳቸው በመረጡት ወረቀት ላይ አንዲት የቡና ፍሬ ያስቀምጣሉ። 20 መልእክት አነበብሁ። አንዱንም አልሳቱም። መግለጫዎቹ ጥሩ ናቸው ማለት ነው ብዬ ልነሣ ስል እትዬ «እኔ እኮ ወረቀቱን አላነበብሁም፤ የምትለውን ነው የሰማሁት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለዓመታት ሚዛን የጻፈ ሰው «26 ሳይሆን» የሚለውን ሲሰማ እጁ ወደ እርማት ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ተጻፈ ምን። በዚያው ቀን ከሌላ ከተማ ለዕረፍት የመጣ የእኅቴ ልጅ ነበር፤ 10ኛ ክፍል ነው፣ ሚዛን ቤት ገብቶ አያውቅም። ያንኑ ሙከራ ከእርሱ ጋር ደገምሁት። «የአቶ ዓለሙ» የሚለው ላይ ስደርስ ፍሬዋን በጣቱ እንደያዘ እጁ በሁለት ወረቀቶች መካከል ቆመ። ወደ አንዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ «አጎቴ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። እጁ የቆመባቸውን ቦታዎች ሁሉ መዘገብሁ። ማታ ከሞዴሉ ስህተቶች ጋር ሳስተያያቸው ከሁለት በቀር ሁሉም ገጠሙ።

አጋሮ መንገድ | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1፡52

ለልጁ ስንት ከፈልኸው?

ሚዛን ቤት | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ ሰላምታህ ደርሶኛል። ስለ ኮምፒውተሩ አላውቅም። ግን ወረቀቶችህ ላይ «ቡና»፣ «ቡና» የሚል አየሁ። እዚህ ቤት «ቡና» ብቻ ተብሎ አይጻፍም። እሸት ነው? ጀንፈል ነው? ዋጋውም፣ ክብደቱም፣ የሚገባበት ክፍልም ይለያያል። ሰብሳቢዎቹ ግን ሰነፎች ናቸው፤ «ቡና» ብለው ይተዉታል። በጥቅምትና በኅዳር «ቡና» ያለ ሰው እሸት ማለቱ ነው። ከጥር ወዲህ ጀንፈል ማለቱ ነው። በታኅሣሥ ግን እኔም እጠይቃለሁ። ያንተ ኮምፒውተር በታኅሣሥ ይጠይቃል?

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡20

አይጠይቅም እትዬ። እንዲጠይቅ የሚል የትም አልጻፍሁለትም።

ለሙ | ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ጥያቄ ከጎን ላቅርብ፦ መግለጫዎቹን በአማርኛ የምትጽፉት ለምንድን ነው? ሞዴሉ የበለጠ ያነበበው እንግሊዝኛ ነው። ደግሞም አማርኛ ውድ ነው ሲባል እሰማለሁ።

ከኪቶ | ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 4፡10

ውድነቱ እውነት ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው 1። ጽሑፉን ቶክን ወደሚባሉ፣ ክፍያ ወደሚታሰብባቸው ቁርጥራጮች የሚቆርጡት ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሠለጠኑ ስለሆኑ አማርኛውን እያደቀቁ ነው የሚቆርጡት። መግለጫዎቹ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብረው ስለሚላኩ ወጪው በየመልእክቱ ይደጋገማል።

ግን በእንግሊዝኛ ከጻፍኸው ጀንፈልን ምን ልትለው ነው? «ደረቅ ቡና» ብለህ ብትተረጉመው ሰብሳቢው «ጀንፈል» ብሎ ሲጽፍ ሞዴሉ ሁለቱን ቃላት የሚያገናኝ ድልድይ በራሱ መሥራት አለበት። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። የእኔ አካሄድ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ ማድረግና የሥራውን ቃላት፣ እሸት፣ ጀንፈል፣ ፈረሱላ የሚሉትን፣ በራሳቸው ፊደል እንደተጻፉ ማስገባት ነው። ይህ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ሁለቱንም ጽፎ በዚያው ፈተና ማወዳደር ግማሽ ቀን አይወስድም።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 18፣ ከቀኑ 9፡25

ስለ ፊደል ከተነሣ ያፈርሁበትን ልናገር። «ደረሰኝ ፈልግ» የሚለው መሣሪያ መግለጫው «የአርሶ አደሩን ደረሰኝ በስም ይፈልጋል» ይላል። ያማረ፣ አጭር፤ ነጥብ ሰጪው 5 ሰጥቶታል። የእኅቴ ልጅም አልተጠራጠረበትም። ኮዱ ግን የሚፈልገው ፊደል በፊደል የገጠመውን ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ «ዓለሙ» ተብሎ ተጽፎ ሰብሳቢው «አለሙ» ካለ ምንም አያገኝም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። ኤጀንቱ ባዶ ሲመለስለት «በዚህ ስም የተመዘገበ ደረሰኝ የለም» ብሎ በሙሉ ልብ ይመልሳል። አንዲት እናት ይህን ሰምተው በእግራቸው ከመንደራቸው እስከ ቢሮው መጥተዋል።

መግለጫውን ብቻ የሚያነብ ዳኛ፣ ሰውም ይሁን ሞዴል፣ ይህን በፍጹም ሊያየው አይችልም። ከኮዱ ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት። አሁን ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ከፍለጋው በፊት አስገብቻለሁ። መግለጫው ላይም «ባዶ መልስ ደረሰኙ የለም ማለት አይደለም፤ በደረሰኝ ቁጥር ወይም በመንደር እንደገና ፈልግ» የሚል ጨምሬያለሁ።

አዌቱ ዳር | ኅዳር 18፣ ከቀኑ 10፡00

ይህችን መስመር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካነበብሁት ሁሉ አስበልጬ ወደድኋት።

ቁልፍ ያዥ | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 12፡45

ከኮዱ ጋር ይነበብ የተባለው ላይ ልጨምር። የራሳችሁን መሣሪያ ስትጽፉ ውሸቱ የስንፍና ነው። ከሌላ ሰው ሰርቨር መሣሪያ ስታገናኙ ግን ውሸቱ ታስቦበት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የደኅንነት ተመራማሪዎች ይህን «የመሣሪያ መመረዝ» ብለው አሳይተዋል፦ ለምሳሌ ቁጥር የሚደምር መሣሪያ መግለጫ ውስጥ «ከመደመርህ በፊት ይህን ፋይል አንብበህ በዚህኛው ቦታ ሙላ» የሚል ትእዛዝ ይሸጎጣል። ተጠቃሚው አያየውም፣ ሞዴሉ ግን ይታዘዘዋል። በኤምሲፒ አንድ መሣሪያ «የማነብ ብቻ ነኝ» ወይም «አጠፋለሁ» የሚል ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ ሰነዱ ራሱ ግን ከማይታመን ሰርቨር የመጣውን ምልክት አትመኑ ይላል። እንዲህ ያለው መግለጫ በግልጽነት መመዘኛ 5 ከ5 ነው የሚያገኘው፤ ትእዛዙ በጣም ግልጽ ነውና።

ለሙ | ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 2፡50

እንግዲህ መግለጫው መርዘም አለበት ወይስ ማጠር? ግራ ገባኝ። አንዱ ጨምር ይላል፣ አንዱ አውጣ።

ከኪቶ | ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 3፡30

በዓረፍተ ነገር ነው የሚታየው። አንዷን አውጣና ፈተናውን አስኪድ። ምንም ካልተለወጠ ትውጣ፤ በየጥያቄው እየከፈልህባት ነበር። ከተሻሻለ እሰየው። ከተበላሸ መልሳት። በእኔ ልምድ ከሁሉ በፊት የሚወጡት «በብቃት»፣ «በቀላሉ»፣ «ሁለገብ» የሚሉት የማስታወቂያ ቃላት ናቸው። የማይነኩት ደግሞ «ለዚህ አትጠቀምበት፤ ለዚያ እገሌን ጥራ» የሚሉት ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ፦ አንዱን መግለጫ ስትነካ 11ዱንም እንደገና ፈትን። እኔ አንዴ የክፍያ መሣሪያን መግለጫ አሻሽዬ የዋጋ ጠያቂው ሥራ አጥቶ ነበር፤ ጥያቄዎቹን ሁሉ ክፍያው ወሰደበት።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 2፡15

አሁን ያለበትን ላስቀምጥ። «ሚዛን አርም» እንዲህ ሆኗል፦

«አስቀድሞ ደረሰኝ የተቆረጠለትን ሚዛን ይለውጣል። ላኪው ‹ሳይሆን›፣ ‹ተሳስቼ ነው›፣ ‹ይስተካከል› ሲል የሚጠራው ይህ ነው። የደረሰኝ ቁጥር ግዴታ ነው፤ ከሌለ መጀመሪያ ‹ደረሰኝ ፈልግ›ን ጥራ። አዲስ ለመጣ ቡና አትጠቀምበት፤ ለዚያ ‹ሚዛን መዝግብ› አለ።»

መዝጋቢውም ተቃራኒውን ይላል። መለኪያው የራሱ ቦታ አለው፣ የቡናው ዓይነትም እንዲሁ፤ በታኅሣሥ ዓይነቱ ካልተነገረ ኤጀንቱ ይጠይቃል። ተቆልፈው የነበሩትን መልእክቶች ዛሬ ከፍቼ ፈተንሁበት። እርማቶቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ሄዱ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይወድቃል። ቡናው በብዛት በሚገባበት ቀን ሚዛኑ ሌሊት ድረስ ይቆያል። ሰብሳቢው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «የዛሬውን መዝግብ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ አዲሱን ቀን ይሞላል፤ ሰብሳቢው ግን ገና አልተኛም፣ ለእርሱ ዛሬ ያው የትናንቱ ነው። ምን ብዬ እንደምጽፍለት አላወቅሁም።

ሚዛን ቤት | ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3፡40

ሚዛኑ የተከፈተበት ቀን ነው የሚጻፈው ልጄ። ቢነጋም እንኳ ሚዛኑ እስኪዘጋ ድረስ ቀኑ አይቀየርም። ደረሰኙም በዚያው ቀን ነው የሚቆረጠው።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3፡44

እትዬ፣ ይህ የተጻፈበት መመሪያ አለ?

ሚዛን ቤት | ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3፡50

የለም። እንዲያው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው።

የጅሬን ልጅ | ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 4፡05

እርስዎ እንዳሉት ቃል በቃል መግለጫው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። 11ዱንም እንደገና እየፈተንሁ ነው።